ጠርሙሱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? እግርሽ እንዴት አደረገሽ? እብጠቱ ቀነሰልሽ ወይስ አሁንም ትራስ ላይ ሰቅለሽው ነው የምትተኚው? ጣሪያሽ ዝናቡ ሳይመጣ ተጠገነ? ያቺ አንድ ዓይና ዶሮሽስ መጣል ጀመረች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። እውነቱን ከፈለግሽ ከማክሰኞ ጀምሮ በንዴት እህል አልወርድ ብሎኛል።

በስልክ እንድደውልልሽ እንደምትጠብቂ አውቃለሁ። አልደውልም። ድምፅሽን ስሰማ «እሺ እማዬ» ማለት ይቀናኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም፣ አያለቅስብኝምም። ስለዚህ ቀስ እያልሽ አንብቢው። ማንንም አንብቡልኝ አትበዪ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ምን እኔን ብቻ፣ ለመኪና ተራው ሁሉ ነው የደረሰው! ኮኮ የምንሸጥበት ሰዓት ነበር፤ እትዬ አፍራኮማ የኮኮውን አጥሚት እየቀዳች፣ እኔ ደግሞ የአደንጓሬውን ጥብስ ከዘይት እያወጣሁ፣ ወረፋው እስከ ጎማ ጠጋኙ ድረስ ተሰልፏል። የላክሽው ሹፌር ከመኪናው እንኳ አልወረደም። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አንቺ ልጅ! እናትሽ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁሽ፣ ለመሬቱ የተሰጠውን መጠጥ የላከችው እናቴ ናት በይ ብላለች! ካላልሽ እናቴ ብለሽ እንዳትጠሪኝ ብላለች!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ሰው ሲያየኝ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ። ጥብሱን ከነመጭለፊያው እሳት ውስጥ ጣልኩት።

እትዬ አፍራኮማ ሁሉንም ሰምታለች፤ ክንዷ ከክንዴ ጋር ይነካካ ነበር። ለሹፌሩ ግን፣ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ጩኸትህ ኮኮዬን ያረጋብኛል» አለችውና አንድ ኩባያ ቀድታ በመስኮቱ ሰጠችው። ሳታስከፍለው። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ያን ቀንም፣ በማግስቱም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬ፣ ያን ቀን የተናደድኩት በሹፌሩ አይደለም።

ወንድምሽ፣ አጎቴ ኦፖኩ፣ ከተቀበረ ጀምሮ ሁሉም ሰው ስለዚህ ቤት ያወራል፤ ቤቱ እንዴት እንደተሠራ የጠየቀኝ ግን የለም። በእኛ ወግ ሰው ሲሞት ያፈራው ወደ እናቱ ወገን፣ ወደ እህቱና ወደ እህቱ ልጆች እንደሚዞር አውቃለሁ። ወራሿ አንቺ ነሽ፣ ከአንቺ ቀጥሎ እኔ። የወገናችን የበላይ ሽማግሌው ቦአሄን በለቅሶው ሰሞን ራሴን እየዳበሱ «የነገዋ ባለቤት» ሲሉኝ ነበር። ሚስቱ እትዬ አፍራኮማ ሻንጣዋን ትይዝ፣ ልጆቿም የእናታቸውን ወገን ይፈልጉ ነው ነገሩ። የመንግሥት ሕግ ለሚስትና ለልጆች ያደላል ይላሉ፤ ግን ሕጉ እኛ ቤት የሚደርሰው ሽማግሌዎች በልተው ከተነሡ በኋላ ነው።

እንግዲያው ስሚኝ።

እዚህ ስትልኪኝ አጎቴና እትዬ አፍራኮማ በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። አጎቴ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሙት አይወቀስም፣ እኔም አልወቅሰውም። ብቻ እጁ ላይ የገባ ገንዘብ አያድርም ነበር። ለሁሉም ለቅሶ ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው እሱ ነው። ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ መስማት ይወድ ነበር። እትዬ አፍራኮማ ትስቅበት ነበር እንጂ አትጣላውም። «ባሌን አልለውጠውም፤ ገንዘቡ የሚያድርበትን ቦታ ነው የምለውጠው» ትል ነበር። ከኮኮው የምታተርፈውን እየሰበሰበች ሲሚንቶ መግዣ ሲሞላላት ያንኑ ቀን ትገዛለች፤ ጓሮ አሸዋ አስደፍታ በእንጨት ፎርማ ብሎኬት ታስመታለች፣ ራሷም ትመታለች። እኔና ልጇ ሴርዋ ውኃ እናቀብላለን። ጎረቤቶቹ «መሬት የሌላት ብሎኬት ትደረድራለች» እያሉ ሲያሾፉባት፣ «ብሎኬት አይጠጣም፣ ለቅሶ ቤትም አይሄድም» ትላቸው ነበር።

መሬቱን ያገኘነው ከከተማው ዳር፣ የእሾህ ቁጥቋጦ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሠራውን ታውቂያለሽ፦ ገንዘብ ሲያገኝ ባለ ስድስት ክፍል መሠረት ያስቆፍርና ገንዘቡ አልቆ ሣር ይበቅልበታል። እሷ አንዲት ክፍል ብቻ ሠርታ ቆርቆሮ አለበሰቻት። እኛ የምንገባባት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አከራየቻት! ተከራይ ሲገባ የሁለት ዓመት ኪራይ አስቀድሞ ይከፍል የለ? በዚያ ገንዘብ ሁለተኛዋን ሠራች። እኛ ገና በኪራይ ቤት ተጨናንቀን፣ ዝናብ ሲመጣ ድስት እየደቀንን ነበርን። አጎቴ ያንን ገንዘብ ሲያይ ዓይኑ ይበራ ነበር፤ እሷ ግን፣ «ኦፖኩ፣ ይኼ ገንዘብ የእኛ አይደለም፤ ተከራዩ ገና ያልኖረበት ቀን ነው። ያልነጋ ቀን ይበላል እንዴ?» ትለዋለች። እሱም ራሱን እያከከ ይስቃል።

ስስታም እንዳይመስልሽ። ለራሷ አዲስ ጨርቅ ገዝታ አላየሁም፤ የሠርጓን ጨርቅ ገልብጣ ሰፍታ ነው የምትለብሰው። ለጣሪያ እንጨት ግን ርካሹን ግዢ ቢሏት እሺ አትልም። «ቁጠባ ማለት አለመብላት አይደለም፤ ለአንድ ዕቃ ሁለቴ አለመክፈል ነው። ይኼን ምስጥ ሲበላው ደግሜ ልገዛ ነው?» አለች። ወባ ሲይዘኝ መድኃኒት ለመግዛት ያላመነታችው ያቺው ሴት ናት። ጥብሱን ለብቻዬ መሸጥ ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ የእኔን ትርፍ ከእሷ ጋር አልቀላቀለችውም። «የደከመ ሰው ቢያንስ አንድ ግድግዳ ሊኖረው ይገባል» ብላ በእኔ ጥብስ የመጨረሻዋን፣ የማዕዘኗን ክፍል አቆመቻት። ኪራይዋ ልብስ ስፌት መማሪያዬ ነው። ይኼን አልነገርኩሽም ነበር። ለምን እንዳልነገርኩሽ አሁን ገብቶኛል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልምጣ። መሬት ሲሰጥ ለመንደሩ አለቃ መጠጥ መቅረብ እንዳለበት፣ መጠጡን ያመጣ የመሬቱ ባለቤት ተብሎ እንደሚጠራ የማያውቅ የለም። የዚያን ቀን የቀረበውን የጂን ጠርሙስ የገዛችው እትዬ አፍራኮማ ናት፤ ከመኪና ተራው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ፣ በኮኮ ሳንቲም። በጋዜጣ ጠቅልላ ራሴ ላይ አስቀመጠችው። ቡሹ ልል ነበር መሰለኝ፣ መንገዱን ሙሉ አንገቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ሽታው ከፀጉሬ በስንት እጥበት ወጣ! አለቃው ደጃፍ ስንደርስ ከራሴ አወረደችና አጎቴ እጅ ላይ አኖረችው። ወንድ ባለበት ሴት ጠርሙስ አታቀብልም ብላ፣ ባሏን አክብራ። እሷ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። «ማን አመጣው?» ሲባል አጎቴ «እኔ» አለ። የሠራችው ስሕተት ይኼ ብቻ ነው እማዬ፤ ባሏን ሰው ፊት አለማሳነሷ።

አንቺ ያን ጊዜ የት ነበርሽ? ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ግን የት ነበርሽ? አንድ ጠርሙስ ቀርቶ ቡሽ ልከሻል? ሽማግሌው ቦአሄንስ? ለአጎቴ ሕመም አንድ ኪኒን ያልገዙ ሰውዬ፣ ለቀብሩ ነጠላ ድንኳን አንሷቸው ሦስት አስተከሉ፤ መለከት የሚነፋ ባንድ አመጡ። አጎቴ አንገት ድረስ ዕዳ አለበት እያሉ፣ ሬሳውን በተከራየ የወርቅ ቀለም አልጋ ላይ አስተኙት! ይኼ ሁሉ በምን እንደተከፈለ ታውቂያለሽ? ልብስ ሰፊውን ተከራያችንን፣ ዶግቤን፣ ጠርተው «አሁን ባለቤቶቹ እኛ ነን» ብለው የሁለት ዓመት ኪራይ ደግመው አስከፍለውታል። ያልነጋውን ቀን በሉት። ዶግቤ አሁን ጣሪያው ሲያፈስ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም። «ለሟቹ ወገን ከፈልኩ፤ ሟቹ ተነሥቶ ቆርቆሮ ይምታልኝ?» እያለ ጠዋት ጠዋት ግቢውን በጩኸት ያናጋዋል። አንቺም የዚያን ሰሞን አዲስ ጥቁርና ቀይ ጨርቅ ለብሰሽ ነበር። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩሽም። አሁን እየጠየቅኩሽ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ያስቆጣሻል። ተቆጪ።

አባዬ የሞተ ጊዜ ትንሽ ነበርኩ፤ ግን አልረሳሁም። የእህቱ ልጆች መጥተው በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ሲያንጠለጥሉ፣ አንቺ ፍራሹን በራስሽ፣ እኔ ሾርባው ያልበሰለበትን ድስት ይዘን ወጣን። ያንን ቤት ጭቃውን ያቦካሽው አንቺ ነሽ። እኛ ጋ የምትኖር የአባዬ እህት ልጅ ነበረች፤ አብራሽ ጭቃ ያቦካች፣ ከአንድ ሳህን ከእኔ ጋር የበላች። በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዘመዶቹ «ይቺ ሴት ለዚህ ቤት ምን አድርጋለች?» ብለው ሲጠይቋት መሬት መሬቱን አየች፤ ዝም አለች። መንገድ ላይ ፍራሹን አውርደሽ ተቀመጥሽበትና አለቀስሽ። ያልሽውን ታስታውሻለሽ? «ሲነጥቁኝ አይደለም የገደሉኝ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ቢናገርልኝ» ነው ያልሽው። ያቺን ልጅ ረገምሻት። እስከ ዛሬ ስሟ ሲነሣ ትተፊያለሽ።

እሷ ዝም ነው ያለችው እንጂ አልዋሸችም። አንቺ እኔን ዋሺ ነው ያልሽኝ።

ባለፈው «እኛንም እንዲሁ አድርገውናል፣ ተራው የእኛ ነው» ብለሻል አሉ። የማን ተራ? እትዬ አፍራኮማ ናት ያስወጣችሽ? ፍራሹን ሴርዋ ትሸከመው?

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ልልከው ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜን ልይ አልኩ። አሁን እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሻለሁ።

ስብሰባው ግቢያችን ውስጥ ሆነ፣ ከቀብሩ በቀረው ድንኳን ሥር። የድንኳኑ ኪራይ አሁንም እየቆጠረ ነው። ሽማግሌው ቦአሄን መሐል ተቀመጡ፤ የወገኑ ሴቶች የበላይ እማማ ፖማ ከጎናቸው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው የሚያንቀላፉ መስለው። እትዬ አፍራኮማ ጸጉሯን ተላጭታ ጥቁሯን ለብሳ ዳር ላይ፣ ልጆቿ ከኋላዋ። ሽማግሌው ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻ፣ «መሬቱ የተያዘው በወገኑ መጠጥ ነው፤ እህቱ ከገጠር የላከችው ነው። የተሸከመችውም ልጅ ይቻትና! ተነሺ ልጄ፣ ተናገሪ» አሉ።

ተነሣሁ። የሆነ ነገር አልኩ፤ ራሴም አልሰማሁትም። ሽማግሌው፣ «ጮክ በይ! ልጅቷ ናት ወይስ ድመት ገብታለች?» ሲሉ ሰው ሳቀ። ዶግቤ እንኳ ሳቀ። መሬት መሬቱን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷም እንዲህ ነበር የቆመችው።

«ጠርሙሱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «የሰጠችኝ ግን እናቴ አይደለችም። የገዛችው እትዬ አፍራኮማ ናት።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ይቺ የማን እንጀራ እየበላች ነው? እንጀራው ነው የሚናገረው» አሉ። «ያኔ ሕፃን ነበርሽ፣ ምን ታስታውሻለሽ?»

«ቡሹን» አልኳቸው። «ቡሹ ልል ነበር። ጂኑ ራሴ ላይ ፈስሶ እርስዎ አለቃው ደጃፍ ላይ አሸተቱኝና ‹ይቺ ልጅ ሳትጠጣ ሰከረች፤ ማን ነው እንዲህ ያለ ቡሽ የገዛው?› ብለው ጠየቁ። አጎቴ ምን ብሎ መለሰልዎት?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ስንቱን ላስታውስ? ያረጀ ሰው ነኝ» አሉ።

ያኔ የተኙ የመሰሉት እማማ ፖማ ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ! ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «እኔ ካንተ አረጃለሁ ቦአሄን፣ አስታውሳለሁም» አሉ። «ኦፖኩ ነፍሱን ይማረውና አፍሮ ‹ሚስቴ ናት የገዛችው፣ ሴት ጠርሙስ መምረጥ ምን ታውቃለች› አለ። እኔም ‹ገንዘቡ የሷ ከሆነ ቡሹ ላይ ምን አፍ አለህ?› ብዬ ገሠጽኩት። ረስተኸዋል? ሁለት ብርጭቆ ነው እኮ የጠጣኸው!»

ሰው ሁሉ አውካካ። እኔ ተቀመጥኩ፤ መቀመጫ ግን አልነበረም፣ መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ከእማማ ፖማ ቃል በኋላ የተፈረደው ይኼ ነው። ቤቱ የእትዬ አፍራኮማና የልጆቿ ነው፤ የእናቱ ወገን የአጎቴን ስም እንጂ ክፍል አያገኝም። የቀብሩን ዕዳ ድንኳንና ባንድ ያዘዘው ወገን ይከፍላል፤ የዶግቤም ኪራይ ይመለሳል። የዕዳው ድርሻሽ ይነገርሻል። ያንን ጨርቅ ሽጪው።

ነገሩ እንዲጸና እትዬ አፍራኮማ መጠጥ ማቅረብ ነበረባት። ሱቅ አብረን ሄድን። አራት ጠርሙስ እየዘቀዘቀች ቡሹን ፈተሸች፤ ባለሱቁ «እመቤት፣ ልትገዢ ነው ወይስ ልታስጠምቂ?» አላት። እሷም «አንዴ የከፈልኩበትን ስሕተት ደግሜ አልከፍልበትም» አለችው። አመጣሁት፣ በራሴ ላይ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ግቢ ስንገባ ወንዶቹ፣ የእሷም ወንድም ሳይቀር፣ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ከራሴ አወረደችና በራሷ እጅ አቀረበችው። «ማን አመጣው?» ተባለ።

«እኔ» አለች። ከዚያም ዞራ አየችኝና «እኛ» አለች።

አሁንም እንደተናደድኩብሽ ነኝ። ደብዳቤ ስለጨረስኩ አይበርድልኝም። እናቴ ብለሽ አትጥሪኝ ካልሽኝ ጀምሮ በሆዴ ስጠራሽ ነው የምውለው፤ ይኼም ያናድደኛል።

ሌላው ነገር፣ የማዕዘኗ ክፍል ተከራይ ባለፈው ሳምንት ወጥታለች። ሁለት ሰው መጥቶ ጠይቆ ነበር፤ አንዱ የሁለት ዓመቱን በእጁ ይዞ ነበር የመጣው። ክፍሏ ተይዛለች ብዬ መለስኩት። መስኮቷ ወደ መንገዱ ነው፤ ወንበር ላይ እግርሽን ሰቅለሽ ብትቀመጪ የሚሄድ የሚመጣውን ሁሉ ታያለሽ። ጣሪያዋ አያፈስም፣ እንጨቱ ደህና እንጨት ነው። ክሊኒኩ ቅርብ ነው። እትዬ አፍራኮማ ዛሬ ወለሉን ራሷ አጠበችው። ስለ ኪራይ አትጠይቂ። የልብስ ስፌት አስተማሪዬ ሰው በበዛበት ዘንድሮ ባልጀምር ምንም አይደለም ብላኛለች። የምትመጪ ከሆነ በዚያ ሹፌር አትምጪ። ፍራሽ አትሸከሚ፣ እዚህ አለ።

እግዚአብሔር እግርሽን ያሽርልሽ፤ ደጅሽን ከነጣቂ፣ አፍሽንም ከእርግማን ይጠብቅልኝ። የረገምሻትንም ልጅ እሱ ይፍታት፤ እንደኔው ፈሪ ነበረች።

ካልከለከልሽኝ፣
ልጅሽ